ያልተጠየቀ ፓይ

ሕጉን ያወጣሁት እኔ ነኝ። ወረቀቱ ላይ ያለው ፊርማ የአገረ ገዢው ነው፤ ረቂቁን ያቀረበው ደግሞ ዱዌን የሚባለው የወረዳችን እንደራሴ ነው። ቢሆንም በዚያ ዓመት በክፍለ ግዛታችን ምክር ቤት ወንበር የነበረው ሰው ሁሉ ማን እንዳወጣው ያውቃል። ዓመት እንኳ ሳይሞላው ዋሽንግተን ያሉት ሰዎች የራሳቸውን ሕግ አውጥተው የኛን ሻሩት፤ እሱን ሳስብ እስከ ዛሬ ደሜ ይፈላል።

ሠላሳ አንድ ዓመት የፖስታ ቤት ኃላፊ ነበርኩ። በዚያ ሁሉ ዘመን ቴምብር ያልተለጠፈበት ደብዳቤ በመስኮቴ አላለፈም፤ ባሌ ለገዛ እናቱ የጻፈውን እንኳ መልሼበታለሁ። የላከ ይከፍላል፣ የተላከለት በነጻ ያነባል። ዓለም የቆመችው በዚህ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ።

ጡረታ ስወጣ ልጄ ከከተማ ኮምፒውተር ላከልኝ። ኢሜይሉ የሚመጣው በስልክ መስመር ነው፤ ስልኩ ደግሞ በደቂቃ ይቆጥራል። ስለዚህ የማላውቀው ሰው ዕቃውን ሊሸጥልኝ በጻፈልኝ ቁጥር ከፋይዋ እኔ ነኝ። ያውም ምን ሊሸጡልኝ መሰላችሁ! አንዱ ራሰ በራሽ ላይ ፀጉር ላብቅልሽ ይላል። አንዱ ሳትማሪ ዲግሪ ልስጥሽ ይላል። አብዛኞቹ ግን አንድ የሰውነት ክፍሌን ሊያሳድጉልኝ የቋመጡ ነበሩ፤ እግዚአብሔር ሲፈጥረኝ ከነጭራሹ ያልሰጠኝን ክፍል። መጀመሪያ ሰሞን ለእያንዳንዳቸው «ተሳስታችኋል፤ ሴት ነኝ፤ ዕድሜዬም ስድሳ ስምንት ነው፤ ለማንኛውም ስላሰባችሁልኝ አመሰግናለሁ» እያልኩ መለስኩ። ለደብዳቤ መልስ መንፈግ ነውር ነዋ። ከዚያ በኋላ በቀን አርባ ይመጣልኝ ጀመር።

ሁሉንም እያተምኩ አስቀመጥኩ። ሁለት የወተት ሳጥን ሲሞሉ አውቶቡስ ላይ ጭኜ ዋናው ከተማ ወሰድኳቸው። የምክር ቤቱ ኮሚቴ ፊት ቀርቦ ለሚናገር ሰው የሚሰጠው ሦስት ደቂቃ ነው። እኔ ንግግር አላደረግሁም። መነጽሬን አደረግሁና፣ ጥቅል ሲመጣ የሰው ስም በምጠራበት ድምፄ፣ የኢሜይሎቹን ርዕስ አንድ በአንድ ማንበብ ጀመርኩ። አምስተኛው ላይ ቃለ ጉባኤ ያዧ መጻፍ አቆመች። ዘጠነኛው ላይ ሊቀ መንበሩን ውሃ አነቀው።

«እሜቴ፣ ይበቃል፣ ገብቶናል!» አለኝ።

«ገና ሁለት ደቂቃ አለኝ። ሳጥኑም አልተነካም።»

«እባክዎን! ከኋላ የተማሪዎች ጉብኝት አለ!»

«እኔም ቤት የልጅ ልጆች ይመጣሉ» አልኩና አሥረኛውን አነበብኩ።

ሕጉ አንድም ተቃዋሚ ሳይገጥመው አለፈ። ቀላል ሕግ ነው። ሳይጠየቅ የንግድ ኢሜይል የሚልክ ሰው ርዕሱ መጀመሪያ ላይ «ማስታ» ብሎ ይጽፋል፤ ማስታወቂያ መሆኑ ሳይከፈት እንዲታወቅ። ያልጻፈ ለእያንዳንዱ ተቀባይ አሥር ዶላር ይከፍላል። አንድ ነገር ብቻ እኔው ራሴ አስጨመርኩ፦ ላኪና ተቀባይ ከዚያ በፊት ተገበያይተው የሚያውቁ ከሆነ ምልክቱ አያስፈልግም። ይህን ያስጨመርኩት ለዘር ሻጬ ብዬ ነው። በየካቲት የሚልክልኝ የቲማቲም ዘር ዝርዝር እንዲቀርብኝ አልፈልግም።

የአካባቢያችን ጋዜጣ ሲጠይቀኝ «ሕጉን መጀመሪያ የጣሰውን ሰው፣ ማንም ይሁን ማን፣ ፍርድ ቤት አቆመዋለሁ» አልኩ። ከነፎቶዬ ወጣ። አርዲስ ቆርጣ ማቀዝቀዣዋ ላይ ለጠፈችው።

አርዲስ ሃውግሩድ ጎረቤቴ ናት። አርባ ዓመት አጥር ለአጥር ኖረናል። ባሌ ከሞተ ወዲህ፣ ዘጠኝ ዓመት መሆኑ ነው፣ በየቀኑ ረፋድ አራት ሰዓት ላይ በሬን ታንኳኳለች፤ እስከ ምሳ ካርታ እንጫወታለን። ብዙም አናወራ። ግን አርዲስ ባትመጣ ከአልጋ የምነሳበት ምክንያት አይታየኝም። ይህን ነግሬያት አላውቅም፤ በኛ ሰፈር እንዲህ ያለ ነገር አይነገርም።

በጥቅምት፣ አንድ ጠዋት ኢሜይሌን ስከፍት «እንደ እናት ቤት ያለ ፓይ በትእዛዝ እንጋግራለን፣ ሐይቅ ዳር መጋገሪያ» የሚል አገኘሁ። «ማስታ» የለበትም። መነጽሬን ጠርጌ እንደገና አየሁ፤ የለበትም። ደስታዬን ምን ልበላችሁ! ግርጌው ላይ ያለው አድራሻ የፖስታ ሳጥን ቁጥር መቶ አሥራ ዘጠኝ ነው። በኔ ዘመን ባዶ ነበር፤ ማን እንደተከራየው አላውቅም፣ ለማወቅም አልቆየሁም። በዚያው ቀን ወደ አውራጃው ፍርድ ቤት ነድቼ «የሳጥን መቶ አሥራ ዘጠኝ ባለቤት» ብዬ ከሰስኩ። የፍርድ ቤቱ ጸሐፊ ስሙን ራሱ አጣርቶ መጥሪያውን በሸሪፉ እንደሚልክ ነገረኝ። ጉድጓድ አርቀህ አትቆፍር፣ ማን እንደሚገባበት አታውቅም የሚባለውን እያወቅሁ፣ እስከ ታች ድረስ ቆፈርኩ።

በሦስተኛው ቀን አራት ሰዓት ላይ አርዲስ በሬ ላይ ቆማለች። በእጇ ወረቀት ይዛለች።

«ላቮን፣ ሥራ አስፈታሁሽ መሰለኝ።»

«ኧረ ምንም ሥራ የለኝ። ግቢ።»

«አይ፣ እዚሁ ይሻለኛል። ጫማዬ ጭቃ ነው።»

«ይሁን፣ ግቢ።»

«ወለልሽን አበላሽብሻለሁ።»

«ግቢ እንጂ!»

ገባች። በኛ ሰፈር ሰው የሚቀበለው በሦስተኛው ነው። ኖርዌያውያኑ አያቶቻችን ከድንች ጋር ይዘውት የመጡት ልማድ ነው። በሁለተኛው የተቀበለ ስግብግብ ይባላል፤ ሁለቴ ብቻ ጠይቆ የተወ ደግሞ መጀመሪያውንም ከልቡ አልነበረም ይባላል።

«ሸሪፉ ይሄን ሰጠኝ» አለች ተቀምጣ። «የከሰሰኝ ሰው አለ። ስሙ ደግሞ ያንቺን ይመስላል። ተሳስተው ነው መቼም።»

ወረቀቱን አየሁት። ፊርማዬ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

«አርዲስ፣ ሐይቅ ዳር መጋገሪያ አንቺ ነሽ እንዴ?»

«ላስደንቅሽ ብዬ እኮ ነው ያልነገርኩሽ። ያጠራቀምኳትን አውጥቼ ትልቅ ምድጃ ገዛሁ። ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ በቤተ ክርስቲያኑ ጨረታ ከሁሉ በላይ የሚሸጠው የኔ ፓይ አይደል? ሰው ይሄን ያህል ከወደደው፣ አልኩ፣ ለምን አልሸጥም?»

 እዚህ ላይ እውነቱን ልንገራችሁ። የአርዲስ ፓይ አይበላም። ፓይ በሊጥ ቅርፊት ውስጥ ፍራፍሬ ተሞልቶ የሚጋገር ጣፋጭ ነው፤ እሷ ግን ሩባርብ በሚባል ጎምዛዛ ተክል ነው የምትሞላው፤ ውስጡ ፊት ያጨማድዳል፣ ቅርፊቱን ለመቁረጥ ደግሞ ባሌ አንድ ጊዜ መጋዝ ይዞ መጥቷል። እየቀለደ አልነበረም። ያን ፓይ በየዓመቱ ከቤተ ክርስቲያኑ ጨረታ የምገዛው እኔ ነኝ። በስሜ አይደለም፤ ለባሌ ወንድም ለኦርሊን ገንዘቡን እሰጠዋለሁ፣ እሱ እጁን ያወጣል። አርዲስ እንዳታፍር ብዬ ነው የጀመርኩት። እነሆ ደግነቴ ምድጃ አስገዛት፣ ምድጃው ኢሜይል አስጻፋት፣ እኔም ከሰስኳት።

«ክሱን አነሳዋለሁ» አልኳት።

«አይ፣ በኔ ምክንያትማ አታንሺው። ስንት የለፋሽበት ሕግ ነው።»

«ምን ችግር አለው፣ አነሳዋለሁ።»

«ኧረ ተይው፣ ጋዜጣ ላይ ተናግረሽ የለ? ሰው ምን ይላል?»

ሦስተኛው ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። አርዲስ ካርታውን እየበወዘች «ለነገሩ ሕጉ ራሱ ትንሽ ለየት ያለ ነው» አለች።

ለየት ያለ! ሌላ አገር ሰው ሙገሳ ይመስለው ይሆናል። በኛ ሰፈር የአንድ ሰው ልጅ በአፍንጫው ቀለበት ሰክቶ ሲመጣ፣ ወይም ሾርባ ሲያርር «ለየት ያለ ነው» ይባላል፤ ከዚያ የከፋ ስድብ የለንም። ሁለት ሳጥን ወረቀት በአውቶቡስ ተሸክሜ ያወጣሁት ሕግ! ሦስተኛውን ዋጥኩት።

«ያንቺ ተራ ነው፣ ጣይ» አልኳት፤ ካርታውን ማለቴ ነው።

ከዚያ በኋላ ሦስት ሳምንት፣ አርዲስ በየቀኑ መጣች፣ በየቀኑ ተጫወትን፣ ስለ ክሱ አንድም ቃል አልተነፈስንም። ነገ እነግራታለሁ እላለሁ፤ ነገ ይመጣል፣ ስለ በረዶው እናወራለን። በደንብ ታሸንፈኝ ጀመር፤ ቂም ሲይዛት ጥሩ ተጫዋች ናት። ማታ ብቻዬን ስሆን አራት ሰዓት የማትመጣበት ቀን ይታየኝና ፍርሃት ፍርሃት ይለኛል። ግን ይሉኝታና እልህ አንድ ቤት ሲገቡ ለሌላ ነገር ቦታ አይተዉም።

የቀጠሮው ቀን መኪናዬ በብርዱ አልነሳ አለች። ስገፋት፣ ስለምናት፣ በመጨረሻ ስረግጣት ከኋላዬ ጥሩምባ ተነፋ። አርዲስ ናት፣ መስኮቷን ዝቅ አድርጋ።

«ወደ ፍርድ ቤት ነሽ?»

«አዎ፣ ግን አላስቸግርሽ።»

«ምን ችግር አለው፣ በመንገዴ ነው።»

ከሳሽና ተከሳሽ በአንድ መኪና፣ አርባ ደቂቃ ሙሉ፣ ስለ አየሩ እያወራን ሄድን። ዳቦ በአይብ ይዛ ነበር፤ ግማሹን ሰጠችኝ።

የትንንሽ ክሶች ችሎት ጠበቃ አይገባበትም፤ ሰው ነገሩን በራሱ አፍ ያስረዳል። አዳራሹ ጢም ብሏል። በኅዳር ሌላ የሚታይ ነገር የለም፤ ግማሹ የሉተራን ቤተ ክርስቲያናችን ሰው ካፖርቱን እንደለበሰ ተደርድሯል። ኦርሊንም መሃል ላይ አለ። ዳኛው ቪክስትሮም ነው፤ የስዊድን ዘር ቢሆንም ክፉ ሰው አይደለም።

«ከመጀመሬ በፊት» አለ ዳኛው «ይህ ኢሜይል ለእኔም እንደ ደረሰኝ መናገር አለብኝ። ሥነ ሥርዓቱ በሌላ ዳኛ ይታይ ይላል። ቅርብ ያለው ሌላ ዳኛ ግን ዘጠና ማይል ይርቃል፣ መንገዱም በረዶ ነው። ተቃውሞ ያለው?»

«ኧረ የለንም» አልን ሁለታችንም፣ እኩል።

መጽሐፍ ቅዱሱ ላይ እጃችንን ጭነን ማልን። አርዲስ ቀድማ ተጠየቀች።

«ኢሜይሉን ልከዋል፣ ወይዘሮ ሃውግሩድ?»

«ልኬያለሁ፣ ክቡር ዳኛ። ለሦስት መቶ አርባ ሰው።»

«ሦስት መቶ አርባ! ‹ማስታ› ሳይሉ?»

«ምልክቱን አላወቅሁም። ላቮን ሕጉን ያወጣች ጊዜ ፓይ ጋግሬ ወሰድኩላት፤ ሕጉን ግን አላነበብኩትም።»

ዳኛው ወረቀቱ ላይ አሰላ። ከኋላ አንድ ሰው ጉሮሮውን ጠረገና «ክቡር ዳኛ፣ እኛም እንዲህ ያለውን ለመክሰስ ቅጽ እንሞላለን ወይስ ዝም ብለን እንሰለፋለን?» ብሎ ጠየቀ። የአርዲስ ፊት ነጣ። ለሦስት መቶ አርባ ሰው አሥር አሥር ዶላር ማለት ምድጃውም ሄደ፣ ከምድጃው የተረፈውም ሄደ ማለት ነው። ይህን ቤት ሳለሁ አላሰብኩትም ነበር። ያሰብኩት ስለ አሥር ዶላርና ስለ መርህ ነው።

ዳኛው ሕጉን ገለጠ። እኔ በቃሌ ነው የማውቀው፤ ጣቱ የትኛው መስመር ላይ እንደቆመ ከሩቅ ታወቀኝ።

«እዚህ አንድ መውጫ አለ። ተገበያይተው የሚያውቁ ከሆነ ሕጉ አይመለከታቸውም ይላል። ወይዘሮ ስቴንረድ፣ ከወይዘሮ ሃውግሩድ ፓይ ገዝተው ያውቃሉ?» ብሎ ወደ እኔ ዞረ።

አፌን ሳልከፍት አርዲስ ቀደመችኝ። «በጭራሽ፣ ክቡር ዳኛ! ከላቮንማ ገንዘብ አልቀበልም። አርባ ዓመት በነጻ ነው የሰጠኋት።»

«ያሳዝናል» አለ ዳኛው፤ ከልቡ አዝኖ ነበር። «ሕጉ የሚጠብቀው የሸጠላትን እንጂ የሰጣትን አይደለም። ይህን አንቀጽ ማን እንደጻፈው አላውቅም።»

እኔ ነኝ የጻፍኩት፣ ለቲማቲም ዘር ብዬ። እጄ አሁንም መጽሐፉ አጠገብ ነው። ዝም ብል አርዲስ ትከፍላለች፣ ስሟ ጋዜጣ ላይ ይወጣል፣ ምድጃዋን ይወስዱባታል። ብናገር በመላው ቤተ ክርስቲያን ፊት አሳፍራታለሁ። በየትኛውም በኩል አራት ሰዓት ላይ በሬን የሚያንኳኳ ሰው የለኝም። ተነሳሁ።

«ገዝቻለሁ» አልኩ።

«መቼ?»

«ሃያ ሦስት ጊዜ።»

ኦርሊን ቀስ እያለ ወንበሩ ላይ ወደ ታች መንሸራተት ጀመረ።

«በቤተ ክርስቲያኑ ጨረታ» አልኩ።

«እነዚያንማ የገዛው ኦርሊን ነው» አለች አርዲስ።

«በኔ ገንዘብ።»

«ለምን?» ጠያቂዋ አርዲስ ናት። ዳኛው ብዕሩን አስቀምጦ ይሰማል።

«ለ... ለጣሪያው ማሳደሻ ነበር እኮ...»

«ምለዋል፣ እሜቴ» አለ ዳኛው ቀስ ብሎ።

ወደ አርዲስ ዞርኩ። «በመጀመሪያው ዓመት ማንም እጁን አላወጣም ነበር። ሰማያዊ ቀሚስሽን ለብሰሽ፣ ፓይሽን በሁለት እጅሽ ይዘሽ መድረኩ ላይ ቆመሻል። አጫራቹ ‹ሁለት ዶላር የሚል?› አለ። ደገመ። ሰለሰ። አንቺ ፈገግ እንዳልሽ ነሽ። ማየት አልቻልኩም። ኦርሊንን በክርኔ ጎሸምኩት።»

«ማንም?» አለች።

«ማንም።»

አርዲስ ዘወር ብላ አዳራሹን አየች። መላው ቤተ ክርስቲያን ጫማውን ይመረምራል።

«ታዲያ እንዴት ነው አርባ አንድ ዶላር የደረሰው? ባለፈው ዓመት አርባ አንድ ዶላር ነው የተሸጠው! ከማን ጋር ነው የተጫረተው?»

ኦርሊን ከወንበሩ ሥር ሆኖ መለሰ። «ከራሴ ጋር። ላቮን ‹ሽሚያ ያለ አስመስለው› አለችኝ። አንዴ በቀኝ እጄ፣ አንዴ በግራ እያወጣሁ ነበር። ባለፈው ዓመት ትንሽ ስሜታዊ ሆንኩ።»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ሳቁን ሊይዝ የሞከረ ሰው ሁሉ ባሰበት፤ ቄሱ መሀረቡን አፉ ውስጥ ከተተ። ያልሳቅነው እኔና አርዲስ ብቻ ነን። ዳኛው ጠረጴዛውን መታ።

«ሃያ ሦስት ጊዜ ግብይት ተረጋግጧል። ክሱ ተዘግቷል። ሌሎቻችሁም መክሰስ ትችላላችሁ፣ መብታችሁ ነው። ብቻ አንድ ነገር አስቀድሜ ልናገር። እያንዳንዱን ከሳሽ አስምዬ ስለ ፓይዋ ምን እንደሚያስብ፣ ባለፈው ስትሰጠውም ምን ብሎ እንዳመሰገናት እጠይቀዋለሁ። ቅጽ የሚፈልግ?»

ስለ ቅጹ የጠየቀው ሰው ኮፍያውን አድርጎ መጀመሪያ ወጣ።

አርዲስ ጓንቷን አጥልቃ፣ ማንንም ሳታይ ወደ መኪናዋ ሄደች። እኔም ተከተልኳት፤ ወደ ቤት የምመለስበት ሌላ መንገድ የለኝም። ገባሁ፣ ቀበቶዬን አሰርኩ። ሰው ገድሎ ከሟቹ ጋር የሚሳፈር ሰው ካለ ስሜቱን አውቀዋለሁ።

አሥራ አምስት ደቂቃ ያህል አልተናገረችም። ስለ አየሩ እንኳ። እኔ በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ፈርቼ አላውቅም።

«ምን ታደርጊያቸው ነበር?» አለች በመጨረሻ፣ ዓይኗን ከመንገዱ ሳታነሳ።

«ምኑን?»

«ፓዮቹን። ሃያ ሦስቱን። በነጻ የሰጠሁሽንም ጨምሪ።»

«ለኦርሊን አሳማዎች።»

ትንሽ ነዳች። «በሉት?»

መዋሸት እችል ነበር። መሐላው ፍርድ ቤት ቀርቷል። ግን ደከመኝ።

«ውስጡን» አልኩ።

መኪናዋ ወደ መንገዱ ዳር ሸሸችና በረዶው ላይ ቆመች። አርዲስ ግንባሯን መሪው ላይ ደፋች። ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። ገደልኳት ብዬ እጄን ጀርባዋ ላይ ሳደርግ ለካ እየሳቀች ነው። «ውስጡን!» ትላለች፣ ትንፋሽ ያጥራታል፣ እንደገና «ውስጡን!» ትላለች። እኔም ጀመርኩ። እንባችን እስኪወርድ ሳቅን።

«ለምን አልነገርሽኝም?» አለች ስትረጋጋ።

«ምን ብዬ? እንዲህ ያለ ነገር ይነገራል?»

«ይነገራል እንጂ! ለምሳሌ አንቺ መዘምራን ውስጥ ስትዘምሪ ኦርጋኑ ለምን ያን ያህል እንደሚጮህ ታውቂያለሽ?»

«ቧንቧው ስለተበላሸ...»

«ቧንቧው ደህና ነው።»

 ሠላሳ ዓመት ነው የዘመርኩት! «ውሻሽ ይሸታል» አልኳት ብው ብዬ።

«አውቃለሁ። ያንቺ ሐምራዊ ኮፍያ ግን ድመት የሞተበት ይመስላል።»

«ባልሽ ቀልድ አያውቅም ነበር፣ ነፍሱን ይማረውና!»

«ያንቺ ደግሞ ካርታ ያጭበረብር ነበር!»

«እሱማ እውነት ነው» አልኩ። እንደዚህ እየተባባልን፣ አንዳችን ሳንጨርስ ሌላችን እየቀጠልን ሰፈራችን ደረስን። አርባ ዓመት የተጠራቀመ ነገር በሃያ ደቂቃ አያልቅም። ቤቷ ደጃፍ ቆማ ሞተሩን አጠፋች፤ ሁለታችንም አልወረድንም።

«ሕጉ ለየት ያለ ነው ያልሽው ነገር አቃጥሎኛል» አልኳት። «ያን ቀን ክሱን ለመተው አፌን ከፍቼ ነበር።»

«ጠብቄሽ ነበር እኮ። ሦስት ሳምንት ሙሉ በየቀኑ እየመጣሁ ጠበቅኩሽ።»

«መምጣት ታቆሚያለሽ ብዬ እንቅልፍ አጥቼ ነበር፣ አርዲስ። አንቺ ካልመጣሽ እኔ ማንም የለኝም።»

እንዲህ ያለ ነገር ከአፌ ሲወጣ ራሴ ደነገጥኩ። አርዲስ ወደ መስኮቱ ዞረች፤ ያልቆሸሸውን መስታወት በጓንቷ ትወለውላለች።

«አሁን በዚያ ምድጃ ምን ልሠራበት ነው?» አለች።

«ዳቦ ጋግሪበት።»

«ዳቦ?»

«ጠዋት የሰጠሽኝ ዳቦ። ዳቦሽ ጥሩ ነው። ከከተማው ዳቦ ይበልጣል።»

ቀስ ብላ ዞራ ፊቴን አየችው፤ የሐሰት ቴምብር እንደምትመረምር ሴት። «እውነትሽን ነው?»

«ዛሬ ስንት ነገር ነገርኩሽ። አሁን ምን ብዬ እዋሽሻለሁ?»

ያኔ አለቀሰች። ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ ሰው ሁሉ ፓይሽ ግሩም ነው ሲላት በፈገግታ አመስግና የምታልፍ ሴት፣ በዳቦዋ ምክንያት ጓንቷን እስክታርስ አለቀሰች። መሀረቤን አቀበልኳት። 

ተናፈጠችና ቁልፉን ከመኪናው ነቀለች።

«እንግዲያው በሳምንት ሁለት ዳቦ እይዝልሻለሁ» አለች። «በነጻ ግን የለም። ዳኛው ሕጉ የሚጠብቀው የሸጠን ነው ሲል ሰምተሻል።»